ፓውደር የተነሰነሰበት ካርታ

የሕፃን ፓውደር ሲሸተኝ የመጫወቻ ካርታ ይታየኛል። ሦስት ልጆች ወልጄ፣ አጥቤና ቀብቼ አሳድጌአለሁ፤ እንዲያም ሆኖ ያ ሽታ ወደ ልጆቼ ወስዶኝ አያውቅም። የሚወስደኝ ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት የሚባል ሰፈር ወደነበረው የአባቴ ቤት፣ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ወዳለችው የጫት ክፍል ነው። ባቡሩ ሰው ማመላለስ በጀመረ ሰሞን አዲስ አበባ የምትማረውን ትልቋን ልጄን ልቀበል ናጋድ ጣቢያ ሄድኩ። ባቡሩ ዘግይቷል። አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳልኩ አጠገቤ አንዲት እናት ሙቀት ያንገበገበውን የልጇን አንገት ፓውደር በፓውደር አደረገችው። ሽታው መጣ፣ ካርታውም አብሮ መጣ። ወዲያው ከኋላዬ «አስኩ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስሜ አስካለ ነው፤ ባሌ አስካለ ይለኛል፣ ሰፈሩ ማዳም አስካለ ይለኛል። አስኩ ብሎ የጠራኝ ሰው በሕይወቴ አንድ ብቻ ነው። መኮንን ነበር። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ሸሚዙ ግን ዛሬም ተተኩሷል።

ዛሬም ያልኩት ያኔም ስለሚተኮስ ነው። ያኔ ስል፣ የአሰብ በር ተዘግቶ የኢትዮጵያ ካሚዮን ሁሉ ወደ እኛ የጎረፈበትን ዘመን ማለቴ ነው። ዶራሌ ገና ወደቡ አልተሠራበትም ነበር። ከተማው ሹፌር በሹፌር ሆነ። አባቴ ከድሮው ባቡር ጡረታ የወጣ ሰው ስለነበር ካሚዮን የሚነዳን እንደ ሙሉ ሰው አይቆጥርም፤ «መሪ ሲጠመዝዙ የሚውሉ ናቸው» ይላቸው ነበር። ቢንቃቸውም በልተው ከፋይ ናቸውና ቤታችንን ምግብ ቤት አደረግነው። ሩዝ በፍየል ሥጋ በአራት መቶ ፍራንክ፣ ሾርባው በነጻ፣ በረዶ የገባበት የሎሚ ጭማቂ በሃምሳ። ወንዶቹ ሽርጥ አገልድመው፣ ካናቴራቸው ጀርባቸው ላይ ተለጥፎ፣ የፕላስቲክ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ይገባሉ። እኔ ሱማሌዎቹ የሚለብሱትን ስስ ረጅም ቀሚስ እለብሳለሁ፤ ቢጫ ነበረችኝ፣ አረንጓዴም ነበረችኝ፣ ቢጫዋን ስለብስ የሚያየኝ ሰው ነበርና አረንጓዴዋ ሳትነካ ትከርም ነበር። ቴፑ ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል። ሙቀት ያላላው ካሴት ዘፋኙን እንደሰከረ ሰው ስለሚጎትተው፣ ያን ዘመን የሰማናቸውን ዘፈኖች ዛሬ በትክክለኛ ፍጥነታቸው ስሰማ ሌላ ዘፈን ይመስሉኛል።

የሹፌር ሥራ መንዳት ይመስላችኋል፤ መጠበቅ ነው። መርከብ ይጠብቃሉ፣ ወረቀት ይጠብቃሉ፣ ከሁሉም በላይ የጭነት ተራ ይጠብቃሉ። መኪኖቹ ከከተማው ወጣ ብሎ ፒካ ዱዝ የሚባል ሜዳ ላይ ተሰልፈው በፀሐይ ሲጠበሱ ሰዎቹ እኛ ቤት ይውላሉ። ከምሳ በኋላ ጫት ይገባል፣ ጫት ሲገባ ከተማው በሙሉ ሥራ ያቆማል። በራችን ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ የምትሸጠው ሱማሌ ጎረቤቴ ሐዋ እርጥብ ጆንያዋን ስትገልጥ ካርታውም ያኔ ይወጣል። ጨዋታው ከፈረንሳይ ወታደሮች የተለመደው ፖከር ነው። አምስት አምስት ካርታ ይታደላል፣ የማይፈልጉትን አንዴ ይለውጣሉ፣ የተማመነ ይጨምራል፣ የፈራ «ፓስ» ብሎ ካርታውን ሳያሳይ ይጥላል። የሚያስይዙት የክብሪት እንጨት ነው። ክብሪት ብዬ ስነግራችሁ እንዳትንቁት። አንድ ሹፌር ሲታመም ወይም መኪናው ሲበላሽ ተራው ባለቤት ያጣል፤ ባለቤት ያጣ ተራ ደግሞ በእኛ ቤት ልማድ በካርታ ነበር የሚፈታው። ከመስጊዱ የአስር ሰላት አዛን ሲሰማ ጨዋታው ባለበት ይቆማል፣ በፊቱ ብዙ እንጨት ያለው ሰው ተራውን ይወስዳል። ተራ አስከባሪው ራሱ ይህን ያውቅ ነበር። ለዚያች ተራ ብለው ሲጣሉ፣ ሲሰዳደቡ፣ አንዱ አንዱን ሦስት ሳምንት ፀሐይ ላይ ሲያስቀርና ሲስቅበት አይቻለሁ። ማንም ለማንም አያዝንም።

የጅቡቲ ሙቀት ካርታ ያጣብቃል። በላብ የራሰ ካርታ ሁለቱ እንደ አንድ ሆኖ ይታደልና ጠብ ያስነሳል። ስለዚህ በየጨዋታው መሐል አንድ ሰው ካርታውን አንድ በአንድ በጨርቅ እየጠረገ ፓውደር ይነሰንስበታል። አሰልቺ ሥራ ስለሆነ ለታደሰ ተትቶ ነበር። ታደሰ ድሬዳዋ ያደገ፣ ጠይም፣ ሰፊ፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ ሹፌር ነው። ሎተሪ ብለን ነበር የምንጠራው። መኪናው ገደል አፋፍ ላይ ድንጋይ ይዞት ቆሟል፤ ፍተሻ ላይ እሱ ጋ ሲደርስ ዝናብ ይመጣል፤ ካርታ ላይ ደግሞ መለወጥ የማይገባውን ለውጦ የሚያስፈልገው ይገባለታል። የያዘውን መደበቅ አይችልም። ደስ ሲለው ጆሮው ሳይቀር ደስ ይለዋል። ሐዋ በመስኮት አንገቷን አስገብታ «ነሲብ! ዋላሂ ይሄ ሰውዬ ነሲብ ነው ያለው!» ትላለች። ነሲብ በእነሱ ቋንቋ ዕድል ማለት ነው።

መኮንን የናዝሬት ልጅ ነበር። ፒካ ዱዝ አቧራ ውስጥ አድሮ እንኳን በተተኮሰ ሸሚዝ ይመጣል። ጫት አይቅምም፣ ጨዋታ ላይ ሲቀመጥ ውሃም አይጠጣም፣ እጁ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ዕድል የሚባል ነገር ሲነሳ ይበሳጫል። «ዛሬ አንድ ቀን ካርታ ሊሰጥህ ይችላል» ይለው ነበር ታደሰን፣ «ዓመቱን ሙሉ ግን ካርታ ሁላችንንም እኩል ነው የሚያየን። ልዩነቱ እኔ መጥፎ ሲገባልኝ በትንሹ እሸነፋለሁ፣ አንተ ጥሩ ሲገባልህ በትንሹ ታሸንፋለህ።» ታደሰ ይስቃል። እኔ ትሪ ይዤ ከመኮንን ኋላ እቆማለሁ፣ ካርታውን ያሳየኛል፣ ባዶ እጅ ይዞ ሦስት ሰው ፓስ ሲያስብል አያለሁ። አንድ ቀን ወጥ ቤት መጥቶ ምስጢሩን ነገረኝ። «ለማንም እንዳትነግሪ። ጥሩ ካርታ የገባለት ሰው ማኘኩን ያቆማል። የሚዋሽ ደግሞ ከመመለሱ በፊት ውሃ ይጠጣል። ጫት የሚቅም ሁሉ ውሃ ይጠጣል፤ አንቺ ጠይቂውና ከመልሱ በፊት የሚጠጣውን ያዢ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ ብልሃት ስንቱን ውሸታም ደንበኛ እንደያዝኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ወደድኩትም። ለምን እዋሻለሁ፣ የወደድኩት አዋቂ ስለሆነ ነው። ደደብ አልወድም ነበር።

ሰላሳን ካለፍኩ ቆይቻለሁ። ሹፌሮቹ «እቺ ምግብ ቤት ከነምድጃዋ ቆማ ልትቀር ነው» እያሉ እፊቴ ይሳሳቁብኛል፣ አባቴም አብሮ ይስቃል። ሁለቱም ሊያገቡኝ እንደሚፈልጉ ሲነገረው ሳቁን አቁሞ እንዲህ አለ፦ «አሎር፣ እንግዲህ፣ እኔ ከካሚዮን ካሚዮን አላማርጥም። ቀድሞ ሽማግሌ ይዞ ለመጣው እሰጣለሁ። አንቺም በዚህ ዕድሜሽ ምርጫ አታብዢ።» የመኮንን ሽማግሌዎች ናዝሬት፣ የታደሰ ድሬዳዋ ናቸው። ሹፌር ደግሞ ጭነት ሳይዝ፣ መኪናውንም ጥሎ፣ ወደ አገሩ አይሄድም። በዚያው ሳምንት አንዱ ሹፌር ወባ ጣለውና ተራው ባለቤት አጣች፤ መርከቡ ላይ የቀረችው የመጨረሻ ጭነት እሷ ነበረች፣ ሌላ መርከብ የሚጠበቀው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ተራዋን የወሰደ ሽማግሌውን ይዞ ይመጣል፣ የቀረው ይቀራል። ቤቱ በሙሉ ገባው። «በካርታ!» አሉ። ማንም እኔን አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቁኝም እሺ ነበር የምለው። መኮንን መቼ ተሸንፎ ያውቃል?

ቢጫዋን ቀሚስ ለበስኩ። ክፍሉ ጢም ብሎ ነበር፤ ካምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ በሩን ይደበድባል፣ ቆርቆሮው ይንጫጫል። ትሪዬን ይዤ ወደ ቦታዬ ስሄድ መኮንን ሳያየኝ «ዛሬ ከኋላዬ አትቁሚ፣ አስኩ» አለኝ። ነገሩ ቢከብደው ነው፣ እኔ ከኋላ ስቆም ሐሳቡ ቢበተን ነው ብዬ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ታደሰ እንደልማዱ ደስ ሲለውም ሲከፋውም ይታወቃል፤ እንጨቱ ትንሽ በትንሽ ወደ መኮንን ፊት ይሄዳል። አዛን ሊቃረብ ሲል የመጨረሻው ካርታ ታደለ። መኮንን ከእንጨቱ ግማሹን ወደ መሐል ገፋ። ታደሰ ካርታውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ያለውን በሙሉ ገፋ። ሰዉ ሳቀበት። እኔም ሳቅኩ። መኮንን ካርታውን አየና «አስኩ፣ ውሃ ስጪኝ» አለ። በገዛ እጄ ቀድቼ ሰጠሁት። ጠጣ። «ፓስ» አለና አምስቱን ካርታ ዘግቶ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ። መስጊዱ ተጣራ፤ ብዙው እንጨት ታደሰ ፊት ነበር።

ታደሰ የያዘውን ሲገልጥ ሁለት ሰባት ነበር። ሁለት ሰባት ብቻ! ማንም በእሱ ላይ ተራ አያስይዝም። «የካርቲየ ሰባት ሰባቶች!» እያለ ይጮሃል፣ ሐዋ በመስኮት እልልታዋን ታቀልጠዋለች፣ አባቴ «በቃ፣ ተጫነ» አለ። ጫጫታው ሲበርድ ታደሰ ተንበርክኮ ካርታውን ሰብስቦ መጥረግ ጀመረ። ፓውደሩ ክፍሉን ሞላው። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት ሳልልጥ አለቀስኩ።

በአሥራ አንደኛው ቀን የድሬዳዋ ሽማግሌዎች መጡ። የሠርጌን ፎቶ ያየ ሰው ሁሉ የቀብር ይመስለዋል። መኮንን ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል እየተመላለሰ እኛ ቤት በላ፤ አንጀቴን እየበላኝ ከድስቱ ቅልጥሙን እያወጣሁ ለእሱ አቀርብለት ነበር። ዕድል የጎዳው ሰው ነው፣ ቢያንስ አጥንት ይምጠጥ እል ነበር። ባሌ አጠገቡ ተቀምጦ የድስት ትርፍራፊ ሥጋ ይበላል። አንድም ቀን ለምን አላለኝም። ከዚያ መኮንን መስመር ቀየረና ቀረ። ታደሰ ካሚዮኑን ትቶ ወደ ዶራሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ጎማ መጠገኛ ከፈተ፤ ወደቡ ወደዚያ ሲዞር የከባድ መኪና ጎርፍ በደጁ አለፈ። ንጋት ላይ ተነስቶ ይሄዳል፣ እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ሆኖ ይመለሳል፣ ቤት ሠራ፣ ልጆች አስተማረ። እኔ ግን በእንግዳ ፊት ሳይቀር «ታደሰ ምን አለበት፣ ሎተሪ ነው! እኔን በካርታ አገኘ፣ መንገዱን በካርታ አገኘ» እላለሁ። ሰው ይስቃል። እሱ ከሁሉም በላይ ይስቃል። «እውነቷን ነው፣ ዕድሌ ነው» ይላል። ልጆቼ ከእኔ ተምረው አባታቸውን ሎተሪ ብለው ሲጠሩት እንኳን ቆጥቼአቸው አላውቅም። በሆዴ ነገሩን የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ በአዋቂና በዕድለኛ መሐል ተጥዬ በዕድለኛው እጅ የወደቅኩ ሴት ነኝ እል ነበር። ይህ ሐሳብ አንዳንድ ቀን ደስም ይለኝ ነበር።

ናጋድ ላይ መኮንን አጠገቤ ተቀመጠ። ሚስቱ ከናዝሬት በዚያው ባቡር እየመጣች ነው። ስለ ልጆች፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ጫት ዋጋ አወራን። ተሰነባብተን ብንቀር ምን ነበረበት? እኔ ነኝ የቆሰቆስኩት። «ያቺ ካርታ ብትገባልህ ኖሮ» አልኩት፣ «ይሄኔ ባቡር የምንጠብቀው አብረን ነበር። ዕድል ክፉ ነው።»

ዞር ብሎ አየኝና ሳቀ። ልቡ እስኪጠፋ አልሳቀም፣ ትንሽ ሳቅ ናት። «የትኛዋ ካርታ? አስኩ፣ እስከ ዛሬ አታውቂም እንዴ? ሦስት ንጉሥ እኮ ነበር የያዝኩት።»

ሦስት ንጉሥ ሁለት ሰባትን ምን እንደሚያደርገው ለማወቅ ፖከር መቻል አያስፈልግም።

«እና ለምን ጣልከው?» አልኩት።

«ሊያገባሽ ነው ብለው ያወሩት ሹፌሮቹ ናቸው፤ ናዝሬት የምትጠብቀኝ ነበረች። ይቺው፣ አሁን የምትመጣው። አልፈልግም ብል አባትሽ ይቀየማል፣ ቤታችሁ መብላቴ ይቀራል፣ ሹፌሩ ሁሉ አፉን ይከፍትብኛል። በካርታ የተሸነፈን ሰው ግን ማን ይቀየመዋል?» እንደ ድሮው፣ የተጫወተውን ጨዋታ ለተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው ነበር የሚናገረው። «በዚያ ላይ ቅልጥሙ! አንቺ እኮ ያን ዓመት በቅልጥም ገድለሽኝ ነበር።»

ብመታው ደስ ይለኝ ነበር። ፓውደር የተቀባው ሕፃን እዚያው አጠገባችን ማልቀስ ጀመረ። መኮንን ግን ገና አልጨረሰም ነበር። «ታደሰ ነግሮሽ ትተሽው መስሎኝ ነበር እኮ። ካርታውን ሊጠርግ ሲሰበስብ የእኔን አምስቱን ገልብጦ አየ። ሦስቱን ንጉሥ አንድ በአንድ ፓውደር ነሰነሰባቸው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ሊገድለኝ ነው ብዬ ነበር። ማታውን መኪናው ጋ ጠራኝና ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ይህን ነገር አስካለ ከሰማች አልለቅህም። ተጥዬ ነው ከምትል ዕድሌ ነው ትበል።› እሺ አልኩት። አሁን ሽማግሌ ሆነናል ብዬ ነው እንጂ…» ባቡሩ ጮኸና ንግግሩን አቋረጠው።

ሚስቱን አየኋት። ቆንጆ ብትሆን እንዴት ደስ ባለኝ! ለምን እንደተጣልኩ ይታወቅልኝ ነበር። አጭር፣ ወፍራም፣ እንደ እኔው ጉልበቷን የሚያማት ሴትዮ ነች። ልጄ ሻንጣዋን ተሸክማላት ከአንድ ፉርጎ እየተሳሳቁ ወረዱ። «እማዬ፣ እኚህ ሴትዮ መንገዱን ሙሉ ሲያጎርሱኝ ነው የመጡት» አለችኝ። አመሰገንኳቸው። መኮንን የሚስቱን ክንድ ይዞ ሄደ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ አንድ ጭምድድ እንኳን የለውም።

ታክሲው ውስጥ ልጄ ስታወራ አልሰማኋትም። ሎተሪ ያልኩበትን ጊዜ ሁሉ አስታውሼ ማዘን ይገባኝ ነበር ይሆናል፤ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ሁለት ወንዶች እኔ ቆሜ ሳይ፣ በእጄ ውሃ እያስቀዱኝ፣ ስለ ሕይወቴ ዋሹኝና አንዳቸውም አልተያዙም። መደበቅ የማይችለው፣ ጆሮው ሳይቀር የሚያሳብቅበት ሰውዬ፣ በአንድ አልጋ እየተኛ፣ በልጆቹ ፊት እየተሰደበ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ደብቆ ኖረ። ከዚያ በኋላ ነው ሐዘኑ የመጣው።

ቤት ስንደርስ ታደሰ ሸራ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ጥርሱን ካመመው ወዲህ ጫት ትቷል፤ ፊቱ በርጩማው ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ብቻ አለ። ልጁን አቅፎ ሳመ፣ ድዱ እስኪታይ ሳቀ። እሷ ልትታጠብ ስትገባ እፊቱ ቆምኩ።

«ናጋድ ማንን እንዳገኘሁ ታውቃለህ? መኮንንን።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። «መኮንን? አለ እንዴ?»

«አለ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን የጣለው ካርታ ምን ነበር?»

እጁ ወደ ብርጭቆው ሄደ። አነሳው፣ ጠጣ፣ ቀስ ብሎ ዋጠ።

«እኔ ምን አውቄ?» አለ። «ዘግቶ አይደል የጣለው። ምንም ባይገባለት ነው እንጂ መኮንን ይሸነፍ ነበር? ዕድሌ ነው፣ አስካለ።»

ብርጭቆውን ይዞ ዓይን ዓይኔን ያያል። እንዲህ ሲያየኝ አይቼው አላውቅም፣ ወይም ሲያየኝ እኔ ሌላ ቦታ እያየሁ ነበር። ዝም ብል መስማቴን ያውቅብኛል፣ ባለቅስ ያውቅብኛል፣ ደግ ቃል ከአፌ ቢወጣማ ወዲያው ያውቅብኛል። ያን ሁሉ ዓመት ስድብ የከፈለበት ነገር በአንድ ቀን ሜዳ ላይ ይወድቃል። የምለው ነገር ምላሴ ላይ ነበር፣ አፌ ግን ደርቋል። ብርጭቆውን ከእጁ ተቀበልኩና የተረፈውን ውሃ ጠጣሁት።

«አንተ ምን አለብህ» አልኩት፣ «ሎተሪ!»